«ጨርሰሻል» ከተባለ በኋላ ማን ይጠይቀናል?

ካንሰር ታክማችሁ፣ «ጨርሳችኋል» ተብላችሁ ወደ ቤት የተመለሳችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ያለ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ የጡት ካንሰር ታክሜያለሁ። ቀኝ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ብብቴ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶችም አብረው ወጥተዋል። ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሼ አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚዋጠው ክኒን፣ ታሞክሲፈን፣ ላይ ነኝ። ሥራ እሠራለሁ፣ ልጆች አሳድጋለሁ፣ ላየኝ ሰው ደህና ነኝ። ጎረቤት «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ይለኛል፤ እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

የእኔ ጥያቄ ግን የበዛው ከዚያ በኋላ ነው። ክንዴ ለምን ያብጣል? የጣቶቼ መደንዘዝ ይለቀኛል? ሌሊት ላብ የሚያጠምቀኝ እስከ መቼ ነው? ሐኪሞቹን አልወቅስም። አንድ ሐኪም በአንድ ጠዋት ኮሪደር ሙሉ ሰው ነው የሚያየው። ከኋላዬ ገና ኬሞ ያልጀመረች ልጅ ተራ እየጠበቀች ስለ ጣቴ መደንዘዝ ማውራት ለራሴም ይከብደኛል። «ደህና ነሽ?» እባላለሁ፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ቀጠሮ ይዤ እወጣለሁ።

እንግሊዝኛ አነባለሁና ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ከጥያቄዎቼ ገሚሱ መልስ ያለው ሆኖ ተገኘ፤ የጠፋው የሚነግረኝ ሰው ነበር። የቀረው ገሚስ ደግሞ ወይ ገና አልተጠናም፣ ወይ የተጠናው ኑሮው ከእኛ ኑሮ በማይገናኝ ሰው ላይ ነው። ሁለቱን መለየት ብዙ ጭንቀትና ብዙ ብር አድኖልኛል። ስለዚህ እንደመጣልኝ ላካፍላችሁ።

ከክንዴ ልጀምር። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ቀኝ እጄ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ነው። ሥራ ከተመለስኩ በኋላ የሸሚዜ ቀኝ እጅጌ ብቻ መጥበብ ጀመረ። ማታ ሳወልቀው የስፌቱ መስመር ቆዳዬ ላይ ታትሞ ይታያል። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ይሰረጉዳል፣ ጉድጓዱም ቶሎ አይሞላም። ንፍፊት ሲወጣ ፈሳሹ የሚሄድበት መንገድ ስለሚቀንስ ነው። የብብት ንፍፊቶች በሰፊው ከወጡላቸው ሴቶች ከአምስት አንዷ ገደማ ይደርስባታል። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሳሳይ «ከባድ ነገር አታንሺ» ተባልኩ። እስከ መቼ ብዬ ብጠይቅ «ከእንግዲህ» ተባልኩ።

ከእንግዲህ! እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከቧንቧው እስከ ወጥ ቤት መሄድ አለበት። ሊጥ ይቦካል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ብርድ ልብስ በእጅ ይታጠባል። ከባድ ሳታነሳ የምትኖር ሴት ካለች ሠራተኛ የቀጠረች ናት፤ ከኬሞ በኋላ ደግሞ ለሠራተኛ የሚተርፍ ብር የለም።

ሳነብ ያገኘሁት ይኸውላችሁ። «አታንሺ» የሚለው ምክር እውነት ይሁን አይሁን አሜሪካ ውስጥ ተፈትኗል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ብረት እንዲያነሱ ተደረገ። በጣም ቀላል በሆነው ጀምረው ቀስ እያሉ ነው የጨመሩት፤ ሲያነሱም ክንድ የሚይዘውን ጠባብ እጅጌ ለብሰው ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ያነሱት ሴቶች ክንድ ካላነሱት የበለጠ አላበጠም። እንዲያውም እብጠቱ የሚነሳባቸው ጊዜ ቀነሰ፣ ጉልበታቸውም ጨመረ። እንግዲህ «ከእንግዲህ አታንሺ» የሚባለው ምክር መሠረቱ ከተናጋ ቆይቷል ማለት ነው።

ታዲያ እኔ በማግሥቱ ጀሪካኑን ብድግ አደረግኩ? የለም። የጂም ብረትና ጀሪካን አይገናኙም። ብረቱ በሁለት እጅ ሚዛኑን ጠብቆ ይነሳል፤ በኪሎ ይለካል፤ አጠገብህ አሠልጣኝ አለ። ጀሪካን በአንድ ወገን ይጎትትሃል፣ እጀታው ጣት ይቆርጣል፣ ውሃው ስለመጣ ብቻ በአንድ ጠዋት ስድስት ሰባቱን ማመላለስ ሊኖርብህ ነው። ስለ ምጣዱማ አላነሳሁም። ሙቀት እብጠቱን ሊያስነሳ ይችላል። አክምባሎው ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ክንድ ያቃጥላል፤ የተቃጠለው ቆዳ ካመረቀዘ እብጠቱን ያባብሳል። የእኛ ሴት ክንድ ምን ያህል ይችላል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጥናት ውጭ ነው የቀረው። የምርምር ክፍተት ሲባል ሰው ላቦራቶሪ ያስባል፤ እኔ የማስበው ጀሪካኔን ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እያነሳሁ ክንዴን አለማመድኩ፤ ከዚያ አንድ ሊትር፣ ከዚያ ሁለት። ጀሪካኑን እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የምሞላው፤ መመላለሱ ይሻለኛል። ስጋግር ረጅም እጅጌ እለብሳለሁ፣ ሳጥብ የላስቲክ ጓንት አደርጋለሁ። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን እቀባለሁ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ በየመሃሉ እጄን ወደ ላይ አድርጌ ጣቶቼን እከፍታለሁ እዘጋለሁ፤ ተማሪዎቼ ለምደውታል፣ አብረውኝ የሚያደርጉም አሉ። ክንዱ ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ግን የቫዝሊን ነገር አይደለም። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ኢንፌክሽን ነው።

«በዚያ ክንድ ደም አይቀዳ፣ ግፊት አይለካ» የሚለውም አለ። ስንቴ ከነርሶች ጋር ተከራክሬበታለሁ! ቦስተን የሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ከ600 በላይ ሴቶች ተከታትሎ በደም መቀዳትና በግፊት መለካት ምክንያት የክንድ መጠን መጨመሩን የሚያሳይ ነገር አላገኘም። ያባባሰው የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። እኔ እስካሁን ግራ እጄን ነው የምዘረጋው፤ ልማድ ሆኖብኛል። ግራው ላይ የደም ሥር ከጠፋ ግን እንደ ድሮው አልደነግጥም።

ስለ እብጠት ካነሳሁ የሚያናድደኝን ልጨምር። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ እግር እብጠት የሚታወቀው ብዙ ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው፣ ሰው ዝሆኔ የሚለው ሕመም፣ በምሥራቅ ጎጃም በደንብ ተጠንቷል። ወደ 700 የሚጠጉ ታማሚዎች ገብተውበት እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ብቻውን ትኩሳትና ሕመም ይዞ የሚነሳውን እብጠት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ገጠር ውስጥ፣ በርካሽ ዕቃ፣ በራሳችን ሰዎች የተሠራ ነው። ፈሳሹ የተዘጋበት ምክንያት ይለያይ እንጂ ያበጠ ቆዳ ያበጠ ቆዳ ነው። የእግሩ እውቀት ለክንዳችን ምን ያህል ይሠራል ብሎ መፈተን ከባዶ መነሳት አይጠይቅም። ግን እግሩ በአንድ ክፍል፣ ክንዱ በሌላ ክፍል ይታከማል፤ ባለሙያዎቹ አይገናኙም። እኔ የጤና ሚኒስትር ብሆን ሁለቱን ክፍሎች አንድ ቀን ቡና አጠጣቸው ነበር።

ጣቶቼ ደግሞ ፓክሊታክሴል ከሚባለው ኬሞ በኋላ ደነዘዙ። ጠመኔ ከእጄ ይወድቃል፤ ቦርሳ ውስጥ ሳንቲም በመዳሰስ መለየት አልችልም። ፋርማሲ ስሄድ ቫይታሚን ቢ ይሰጠኛል፤ አንዱን ስጨርስ ሌላ። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያሉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር ከኬሞ በኋላ ለሚመጣ የሚያሳምም መደንዘዝ ያገኘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ዱሎክሴቲን ይባላል። እሱም ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ነርቩን አያድስም፤ የሚያዘውም ሐኪም ነው። ቫይታሚኖቹን የሚያስመክር ማስረጃ አላገኘም። ይህን ሳነብ ቫይታሚኑን ተውኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙው ስሜት ተመልሶልኛል፤ የእግር ጣቶቼ ጫፍ ግን እስካሁን የእኔ አይመስሉኝም። ጣት የደነዘዘበት ሰው የሙቅ ዕቃ ነገር ይጠንቀቅ። ምጣዱ ሲያቃጥል የሚነግረን ያ ጣት ነበር።

ብር የሚያስጨርሰው ሌላው ነገር ምርመራ ነው። «ተመልሶ እንደሆነስ?» የሚለው ፍርሃት ቀጠሮ ሲቃረብ እንቅልፍ ይነሳል። አንዷ «በየስድስት ወሩ ሲቲ ስካን እነሳለሁ» ትላለች፤ ሌላዋ የደም ምርመራ ዓይነት ትጠቅሳለች፤ እኔም ከማኅበር ብር ተበድሬ ልነሳ ነበር። ጣሊያን ውስጥ የተሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሉ። ምንም ስሜት የሌላቸውን ሴቶች በአጥንት ስካንና በደረት ራጅ በተከታታይ የመረመሩት ቡድን በሐኪም እይታና በማሞግራም (በጡት ራጅ) ብቻ ከተከታተለው ቡድን የበለጠ ዕድሜ አላገኘም። ዛሬም ያለው ምክር በዚሁ ላይ የቆመ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ በሐኪም መታየት፣ ለቀረው ጡት በዓመት አንዴ ማሞግራም፣ አዲስ ስሜት ሲመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ። አዲስ ስሜት የምለው የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ የማይተው ሳል፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ጠባሳው አካባቢ የወጣ እብጠት ነው። እርግጥ ጥናቶቹ አርጅተዋል። ያኔ ያልነበሩ መድኃኒቶችና ማሽኖች ዛሬ አሉ፤ እንደገና ይፈተን የሚሉ ባለሙያዎች ልክ ናቸው። እስከዚያው ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ለስካን አላዋጣም።

ፍርሃቱን ራሱን ግን ስካን አያክመውም። ውጭ አገር «የመመለስ ፍርሃት» ራሱን ችሎ የሚጠናና የሚታከም ጉዳይ ሆኗል። እኛ ጋ መድኃኒቱ «አይዞሽ፣ እምነት ይኑርሽ» ነው። እምነት አለኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብብቴን መዳሰሴንም አልተውኩም።

ወደ ታሞክሲፈን ልምጣ። በቀን አንዴ የሚዋጥ ትንሽ ክኒን ነው። ዋጋው ከኬሞው ጋር አይወዳደርም፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ ለአምስት ዓመት፣ ለአንዳንዶች እስከ አሥር ዓመት ይወሰዳል። አሥር ዓመት መውሰድ ከአምስት እንደሚሻል ብዙ አገሮች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ አሳይቷል። ችግሩ ደህና ሆነሽ ሳለ፣ የማያምሽን ነገር ለመከላከል፣ የሚያስጨንቅሽን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ ድንገት ፊቴ ይግላል፣ መስኮት እከፍታለሁ፤ አንዱ ብርድ ነው ብሎ ይዘጋል፣ እኔ እከፍታለሁ። የወር አበባዬ በአርባዎቹ መጀመሪያ ቀረ።

ለጾም ጊዜም የሚጠይቁኝ አሉ። ክኒኑ ቀኑ ውስጥ በየትኛውም ሰዓት፣ ግን ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል። እኔ ማታ ራት ላይ አደረግኩት፤ ከጾምም ከቅዳሴም አይጋጭም። የንስሐ አባቴንም አማክሬ «መድኃኒትሽን አታቋርጪ» ብለውኛል። ጸበል ሄደው ክኒኑን ያቆሙ ሁለት እህቶች አውቃለሁ። አንዷ ደህና ናት። የሌላዋን አልናገርም። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል። በታሞክሲፈን ላይ እያላችሁ ያልተለመደ የማሕፀን ደም ከታየ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ በፍጥነት ሐኪም ጋ ሂዱ። እርግዝናም በዚህ ጊዜ መኖር የለበትም፤ መውለድ የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

በዚህ ጉዳይ የሚያኮራ የአገር ውስጥ ሥራ አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተመራማሪዎች ነርሶችን ስለ ጡት ካንሰር አሠልጥነው ታካሚዎችን እንዲያስተምሩና በስልክ እንዲያስታውሱ አደረጉ። እንዲህ ያለ ነርስ የነበረቻቸው ሴቶች ከሌሎቹ በተሻለ ክኒናቸውን ሳያቋርጡ ወሰዱ። አዲስ ማሽን አልተገዛም። አንድ ነርስ፣ አንድ ስልክ። ለእኔ ቅድሚያ የሚገባው ምርምር እንዲህ ያለው ነው፤ ነገ ጠዋት ሥራ ላይ ሊውል የሚችል።

አሁን ደግሞ ስለሞላሁት አንድ መጠይቅ ላውራ። አንድ ቀን የክትትል ኮሪደር ላይ ተራ እየጠበቅኩ አንድ የማስተርስ ተማሪ ወረቀት ይዞ መጣ። «እናቴ፣ ጥቂት ደቂቃ ይስጡኝ» አለኝ። ትሑት ልጅ ነው፣ ሰጠሁት። መጠይቁ የካንሰር ታካሚ ኑሮ እንዴት እንደሆነ የሚለካው፣ አውሮፓ ውስጥ ተዘጋጅቶ በብዙ ቋንቋ የተተረጎመው፣ ባለ 30 ጥያቄው ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ከባድ የገበያ ዘንቢል ወይም ሻንጣ መሸከም ያለ ሥራ ይከብዳል ወይ ይላል። መልሱ ከአንድ እስከ አራት ነው፤ «ምንም» ካለ አንድ፣ «በጣም» ካለ አራት።

«ሻንጣ አላነሳም ልጄ፣ ጀሪካን ነው የማነሳው» አልኩት።

ሳቀ። «ያው ነው እናቴ፣ ከባድ ነገር ለማለት ነው።»

ብዙዎቹ ጥያቄዎች ደግሞ ስላለፈው ሳምንት ነው የሚጠይቁት። ያ ሳምንት ትምህርት የተዘጋበት ነበር። ሰሌዳ የለ፣ የፈተና ወረቀት የለ፣ ክንዴ አርፏል። አንድና ሁለት እያልኩ መለስኩ። በፈተና ሰሞን ቢመጣ ኖሮ አራት በአራት ነበርኩ። ስለ ገንዘብ አንድ ጥያቄ አለች፤ ሕመሙ ወይም ሕክምናው የገንዘብ ችግር አምጥቷል ወይ የምትል። አራትን ከበብኩ። የአባቴ ቦታ መሸጡ፣ የልጄ ትምህርት ቤት መቀየሩ፣ እቁቡ መቋረጡ፣ ሁሉም እዚያች አራት ውስጥ ገባ።

«መልሰህ ትመጣለህ?» አልኩት። «አይ፣ አንዴ ብቻ ነው» አለኝ። በልጁ አልፈርድም። መመረቅ አለበት፣ በጀትም የለውም። ግን አገራችን ውስጥ በእኛ ላይ የሚሠራው ጥናት አብዛኛው እንዲህ ነው። አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ቀን፣ አንድ መጠይቅ። ኮሪደሩ ላይ የተገኘው ይጠየቃል፤ የትራንስፖርት አጥቶ የቀረው አይጠየቅም። በጣም የሚቸገረው ደግሞ የቀረው ነው።

ከካንሰር ሕክምና በኋላ ያለውን ሕይወት ማጥናት ሌላ ቦታም እንዲሁ አልጋ በአልጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱ ካንሰር ታክሞ የተረፈ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ፊትዝሂዩ ሙላን፣ ከሕክምና በኋላ ያለው ሕይወት ራሱን የቻለ ወቅት እንደሆነና ማንም እንደማያጠናው ጻፈ። የአሜሪካ ብሔራዊ ካንሰር ኢንስቲትዩት ለዚህ ብቻ ቢሮ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ካንሰር ይዟቸው በሕይወት ያሉት ከ18 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ይህን ያህል ሰው ችላ ማለት አይቻልም። እኛ ጋ በዓመት ወደ 80 ሺህ ሰው በአዲስ ካንሰር እንደሚያዝ ይገመታል። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አዲስ የተያዙትን እየቆጠረ ነው፤ ትልቅ ሥራ ነው። ቀጣዩ ደረጃ ታክሞ የሚኖረውን ሰው መከታተል ነው።

በጣም የወደድኩት ግን የእንግሊዞቹን ነው። ከሕክምና በኋላ ስላለው ሕይወት ምን ይጠና ብለው ታካሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና ባለሙያዎችን ጠየቁ። ከ1,500 ሰዎች ገደማ ወደ 3,500 ጥያቄ መጣ። አጥርተው እ.ኤ.አ. በ2018 አሥሩን ይፋ አደረጉ። ከፊት የተቀመጠው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩትን የሕክምና ጉዳቶች ማግኘትና ማከምን ጨምሮ የረጅም ጊዜ ክትትል በምን መንገድ ቢሰጥ ይሻላል የሚል ነው። እኔ ኮሪደር ላይ ለራሴ የማጉረመርመው ማለት ነው!

አሥሩን ገልብጠን እንውሰድ ግን አልልም። አሜሪካ ውስጥ የጡት ካንሰር ከሚገኝባቸው ሴቶች ግማሾቹ ከ62 ዓመት በላይ ናቸው። እኛ ጋ ክትትል ላይ የማገኛቸው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ያሉ፣ ገና የሚወልዱ፣ ገና የሚያጠቡ ናቸው። ከኬሞ በፊት «መውለድ ትፈልጊያለሽ?» ተብላ የተጠየቀች አላጋጠመችኝም። የማሕፀን በር ካንሰር ያለባቸው እህቶችማ ከእኛም የባሰ ዝም ተብለዋል። ጨረሩ ብልትን ሊያጠብ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርን ሊያስቸግር ይችላል። ከባል ጋር መተኛት ስቃይ ይሆናል። አንዷ ሽንት ቤት ተራ ስንጠብቅ በሹክሹክታ የነገረችኝን ለሐኪሟ ተናግራ አታውቅም፤ ወንድ ስለሆነ። እንዳይጠብ የሚረዳ ዕቃና ልምምድ አለ፤ ማወቅ ያለባት ጨረሩን ስትጀምር ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሴት ነርስ፣ በር ተዘግቶ፣ ብትጠይቅ መልሱ ይለወጥ እንደሆነ መፈተን አለበት። ካንሰሩ ተመልሶባቸው መድኃኒት እየወሰዱ ዓመታት የሚኖሩም አሉ። እነሱ «የዳነ» ውስጥም «የሚሞት» ውስጥም አይቆጠሩም፤ ጥናቱም እነሱን ይዘላል።

የሥራን ነገር በአጭሩ። የግል ድርጅት ውስጥ ለምንሠራ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ስድስት ወር ነው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞና የጨረር ወረፋ ሲደማመሩ ስድስት ወር አይበቃም። ፈቃዳችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የሐኪም ወረቀቱን ቅጂ ያዙ።

ወረቀት ካልኩ አይቀር ዋናው ምክሬ እዚህ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ እንደኔው ታክማ ስትጨርስ የወሰደችው መድኃኒት፣ መጠኑ፣ ቀጣይ ክትትሉ ሁሉ የተጻፈበት ሰነድ ተሰጥቷታል። እንዲህ ያለው ሰነድ ብቻውን ጭንቀት እንደማይቀንስ ካናዳ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ቢሆንም ፋይል በሚጠፋበት አገር ለምንኖር ወረቀቱ ሌላ ጥቅም አለው። ሽንት የሚያቀላው ቀዩ ኬሞ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ልብ ሊጎዳ ስለሚችል ለአንድ ሰው በዕድሜው የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን ገደብ አለው። ከዓመታት በኋላ እንደገና መድኃኒት ቢያስፈልጋችሁ አዲሱ ሐኪም ስንት እንደወሰዳችሁ ማወቅ ይኖርበታል። ደረጃ ስትወጡ ከበፊቱ የተለየ ትንፋሽ ቢያጥራችሁም ለሐኪሙ የምትነግሩት ይህንኑ ነው፤ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሊያዝላችሁ ይችላል። ስለዚህ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤታችሁን፣ የኬሞውን ስምና መጠን፣ ጨረሩ የት የት እንዳረፈ፣ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለአንድ ቤተሰብም ላኩ። የእኔ ፋይል አንዴ ጠፍቷል። ያወጣኝ የባለቤቴ ቴሌግራም ነው።

ተመራማሪ ሲመጣባችሁ ደግሞ ጊዜ ካላችሁ እምቢ አትበሉ። ማን እንደሚያስጠና፣ ስማችሁ ይያዝ አይያዝ፣ ውጤቱ ለእናንተም ይነገር እንደሆነ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ካልተመቻችሁ መሃል ላይ ማቋረጥ ትችላላችሁ፣ ሕክምናችሁ አይነካም። ሲጨርስ «ያልጠየቅኸኝ ነገር አለ» በሉና ንገሩት። እኔ ለዚያ ተማሪ የጀሪካኑን ነገር ከወረቀቱ ጀርባ አስጽፌዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ናሚቢያ፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኡጋንዳና ዛምቢያ ውስጥ የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ሴቶቹን ያላጣቸው በየሦስት ወሩ ሞባይል ላይ እየደወለ ነው። እኛ ጋ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተቀየረ ሲም ነው፤ ሲደወል አይሠራም፣ ሰውየው «ክትትል ያቋረጠ» ተብሎ ይጻፋል። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ካርድ ክፍል ስትደርሱ ቁጥራችሁን አስተካክሉ። ከጎኑ የማይቀየር ስልክ ያለው ዘመድ ቁጥርም አስጽፉ።